ሲየናዬን መኝታም የብስክሌት መጫኛም ላደርጋት ነው፤ እንጨት ከመቁረጤ በፊት ምከሩኝ

ፔዳል_ሲልቨር

ሰላም ቤተሰብ፣ እንደምን ከረማችሁ?

መኪናዬ የ2014 ቶዮታ ሲየና ናት። ሰባት ዓመት እንጀራ በልቼባታለሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ዲሲ፣ ከዲሲ ደለስ ኤርፖርት ሰው ሳመላልስ ነው የኖርኩት። አሁን ስራ ስለቀየርኩ ቆማለች። ሞተሯ ገና ደህና ነው፤ ልሸጣት ልቤ እምቢ አለኝ።

እኔና ባለቤቴ ብስክሌት ከጀመርን ሶስት ዓመታችን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከጆርጅታውን በሲ ኤንድ ኦ ካናል፣ በድሮው የጀልባ ቦይ ዳር ወጥተን ግሬት ፎልስ ደርሰን እንመለሳለን። መንገዱ ግን እዚያ አያልቅም። እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል ይሄዳል። የላይኛውን ክፍል አንድም ቀን አላየነውም። ነድቶ መሄድ፣ ቀኑን ሙሉ ፔዳል መምታት፣ በዚያው ማታ ነድቶ መመለስ ደግሞ አይሞከርም። ሁልጊዜ ሆቴል መያዝም ኪስ ይጎዳል።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። የመሃሉን ወንበር አወጣለሁ። የኋላውን ወለል ውስጥ አጥፌ አስገባለሁ። ከዚያ ሙሉ ፕላይውድ ከፍ አድርጌ አነጥፍና ብስክሌቶቹን ስር፣ ፍራሹን ላይ።

ችግሩ ከፍታው ላይ ነው። ከወለሉ እስከ ጣሪያው አንድ ሜትር ከትንሽ ብቻ ነው። ብስክሌቶቹ ስር እንዲቆሙ ካደረግኩ እኛ አፍንጫችን ጣሪያ ይነካል። ካስተኛኋቸው ደግሞ አንዱ ፔዳል የሌላው ጎማ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ ስራ የሰራ ሰው ካለ ልኬቱን ይንገረኝ።

ናርዶስ_ቢ

ወንድሜ፣ ለምን ውስጥ ታስገባቸዋለህ? ከኋላ የብስክሌት መያዣ ግጠምና ውጭ ይጓዙ። እኛ ሁለት ዓመት እንደዚያ ነው የምንሄደው። ውስጡ ሙሉ በሙሉ ለመኝታ ይቀርልሃል።

ፔዳል_ሲልቨር

እህቴ ናርዶስ፣ እሱንም አስቤ ነበር። ግን አንድ ጓደኛችን ከኋላ አስሮ ምሳ ሊበላ ገባ። ሃያ ደቂቃ አልቆየም። ሲወጣ ሰንሰለቱ ተቆርጦ ነው ያገኘው። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ብስክሌቷ ከዓይኗ እንዲርቅ አትፈልግም።

አናጺው_አሌክሳንድሪያ

ልጄ፣ እንጨቱን እንዳትቆርጥ። መጀመሪያ ካርቶን ፈልግ። የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ካርቶን በነጻ ታገኛለህ። መኪናው ወለል ላይ አንጥፈውና ሁለታችሁም ተኙበት። ተገላበጡ፣ ቁጭ በሉ፣ ጫማ አድርጉ። ብስክሌቶቹንም አስገብታችሁ ሞክሩ። ይህን አንድ ከሰዓት በኋላ ብትሰሩ ሁለት ሉህ እንጨት ታተርፋላችሁ።

አሁን ወደ ልኬቱ። ሰው ቁጭ ሲል ከመቀመጫው እስከ ራስ ቅሉ 90 ሴንቲ ገደማ ነው። ጣሪያህ አንድ ሜትር ከትንሽ ከሆነ፣ ፍራሹ 8 ሴንቲ ከወሰደ፣ ለአልጋው ከፍታ የሚቀርህን ራስህ አስላ። ምንም ማለት አይቻልም። ስለዚህ አልጋው ዝቅ ማለት አለበት፤ ወለሉን ያስተካክል እንጂ ከፍ አይበል። ቁጭ ብሎ ልብስ መቀየር የማይቻልበት አልጋ በሁለተኛው ሌሊት ያስለቅሳል።

እንግዲህ ብስክሌቶቹ የት ይግቡ ትላለህ። እኔ የምልህ ይህ ነው፤ ብስክሌትና ሰው ቦታውን በአንድ ሰዓት አይፈልጉትም። ስትነዱ ከኋላ የሚተኛ የለም። ስትተኙ ብስክሌቱ መንገድ ላይ አይደለም። አልጋውን ለሁለት ክፈለው። 62 ሴንቲው በግራ በኩል እንደተዘረጋ ይቀመጥ። የቀረው 58 ሴንቲ በማጠፊያ ይያዝና ቀን ቀን በላዩ ይታጠፍ። በተከፈተው በኩል ሁለቱ ብስክሌቶች ቆመው ይጓዛሉ። ማታ ብስክሌቶቹ ይወጣሉ፣ አልጋው ይዘረጋል።

የሲየና ኋላ በሁለቱ ጎማ ቤቶች መሃል አራት ጫማ ገደማ ነው። አንድ ሉህ ፕላይውድም አራት በስምንት ጫማ ነው፤ 122 በ244 ሴንቲ ማለት ነው። ስለዚህ ወርዱን ብዙ መላጥ አይኖርብህም። 18 ሚሊ አትግዛ። ሙሉ ሉሁ 30 ኪሎ ይጠጋል። 12 ሚሊ ወስደህ ስሩን በየ40 ሴንቲው በእንጨት ደግፈው።

ሌላው ትልቁ ነገር፣ የመኪናውን ወለል እንዳትበሳ። አደራ። ከስር የነዳጅ ጋኑ አለ፣ የፍሬን ቱቦ አለ። የመሃሉ ወንበር የሚቆለፍበት ብረት ወለሉ ላይ ይቀራል። እሱ በግጭት ጊዜ ወንበርን ከነሰው እንዲይዝ ተብሎ የተሰራ ነው። አልጋህን በጠንካራ ቺንጊያ ከእሱ ጋር እሰረው። ወንበሮቹን ስታወጣ ደግሞ ብቻህን አታንሳ፣ ከባድ ናቸው። የሚያነሳልህ ሰው ካጣህ ጻፍልኝ፣ እሁድ ከሰዓት ነጻ ነኝ።

ፔዳል_ሲልቨር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «በአንድ ሰዓት አይፈልጉትም» ያሉት ነገር አይኔን ገለጠልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሁለቱን አንድ ላይ ለመደርደር ነበር የምታገለው።

ካርቶኑን ዛሬ ማታ እሞክራለሁ።

ካቴና_ሰው

እኔ ብስክሌት ጥገና ላይ ስለምሰራ የእሱን ጎን ልንገርህ።

የፊት ጎማውን አውጣ። ጎማው ሲወጣ ሁለት ነገር ታተርፋለህ። ርዝመቱ ወደ 140 ሴንቲ ይወርዳል። ፎርኩ፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ፣ ወደ ወለሉ ዝቅ ስለሚል መሪውም አብሮ ይወርዳል። ኮርቻውንም ዝቅ አድርገው። ዝቅ ከማድረግህ በፊት ግን ቱቦው ላይ በቴፕ ምልክት አድርግ፤ ጠዋት ጠዋት ከፍታ በመፈለግ ጉልበትህን አትጉዳ።

ፎርኩን የሚይዝ ትንሽ ብረት ይሸጣል። እንጨት ላይ በብሎን ይታሰራል። ስትገዛ የብስክሌታችሁን አክስል፣ ጎማው የሚታሰርበትን ዘንግ፣ ውፍረት እወቅ። የቆዩት በአብዛኛው ባለ 9 ሚሊ በእጅ የሚፈታ ነው። የአዲሶቹ የአስፋልትና የጠጠር ብስክሌቶች 12 ሚሊ ናቸው። የተራራው ብዙውን ጊዜ 15 ሚሊ ነው። አንዱ ለሌላው አይሆንም።

ብስክሌቶቹን ፊትና ኋላ አዘዋውራችሁ አስገቡ። የአንዱ መሪ ወደ ሹፌሩ፣ የሌላው ወደ ኋላ በር። መሪና መሪ ጎን ለጎን ከሆነ 58 ሴንቲ አይበቃም። ሲዘዋወሩ ግን ይበቃል። መሪያችሁ የተራራ ብስክሌት ሰፊ መሪ ከሆነ እሱን ራሱን ትንሽ ማዞር ይኖርባችኋል።

ዲስክ ፍሬን ካለው ጎማው በወጣበት ሰዓት የፍሬን እጀታውን ማንም እንዳይነካ። ከተነካ ሁለቱ ሸራዎች ይገጥማሉ፤ ከዚያ ዲስኩ አይገባም። መሃላቸው የምትሻጥ ትንሽ ፕላስቲክ አለች። ከሌለ ወፍራም ካርቶን አጥፋችሁ አስገቡ። ይህን ሳያውቁ ጠዋት ጫካ መሃል የተቸገሩ ብዙ ሰዎች ወደ እኛ መጥተዋል።

ካቴናው ያለበት ጎን ወደ ግድግዳው ይሁን፣ ወደ ፍራሹ አይሁን። አሮጌ አንሶላ ጣል አድርጉበት። የካቴና ቅባት ከአልጋ ልብስ አይለቅም።

ደግሞ ፎርኩ ስለታሰረ አለቀ አትበል። የኋላ ጎማውንም በቺንጊያ እሰር። በ65 ማይል ፍጥነት ድንገት ፍሬን ስትይዝ ያልታሰረ 12 ኪሎ ብረት ወደ ማን እንደሚመጣ አስብ።

ሚሚ_ከፎልስ_ቸርች

የእኔ የ2021 ሲየና ሃይብሪድ ናት። የመሃሉ ወንበር ይወጣል እንዴ?

ካቴና_ሰው

ሚሚዬ፣ አይወጣም። ፋብሪካው እንዲወጣ አድርጎ አልሰራውም። ወንበሩ ውስጥ ኤርባግ አለ። ፈታተው የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ አንቺ ግን አትንኪው። ወደፊት ገፍተሽው ከኋላው ባለው ቦታ ላይ መስራት ይሻልሻል። ለአንድ ሰውና ለአንድ ብስክሌት ይሆናል።

ቤርሼባዊት

ሰላም ከቤርሼባ፣ ከእስራኤል። የእኛ መኪና ሲትሮየን በርሊንጎ ናት፣ ከእናንተ በጣም ታንሳለች። እዚህ አገር መንገዱ ሁሉ በርሊንጎ ነው። እኔ ብቻዬን ስለምተኛ ብስክሌቴ አጠገቤ ያድራል።

ማንም ያላነሳው ነገር አየር ነው። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ መስታወቱ በላብ ይርሳል። ጠዋት ፍራሹ በስሩ እርጥብ ይሆናል። ሶስት ጊዜ ዝም ካላችሁ ይሻግታል። መፍትሄው ሁለት መስኮት ትንሽ መክፈት ነው፤ አንዱ ከፊት በቀኝ፣ ሌላው ከኋላ በግራ። አየሩ በላያችሁ አቋርጦ ይወጣል። መስኮቱ ላይ የምትለጠፍ የዝናብ መከላከያ ፕላስቲክ ካለች ዝናብ እየጣለም መክፈት ይቻላል። ለትንኝ ደግሞ የመስኮት መረብ ገዝቼ ጠርዙ ላይ ማግኔት ሰፍቼበታለሁ። ዋጋው ምንም አይደለም።

ከፍራሹ ስር ፕላይውዱን በትልቅ ትራፓን ብሱት፤ ብዙ ቀዳዳ። ፍራሹ ከስሩ ይተንፍስ።

እኛ ጋ ችግሩ ሙቀት ነው። ማክቴሽ ራሞን ውስጥ በኤሮት የሚባለው ማደሪያ ስናድር ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ መኪና ውስጥ መቆየት አይታሰብም። የሚያብረቀርቀውን የመስኮት ሽፋን በልኩ ቆርጬ በየመስታወቱ አለኝ። ብርሃንም ሰው ዓይንም አያስገባም። ለሴት ብቻዋን ለምታድር ይህ ዋናው ነው። ከውጭ ሰው መኖሩ እንኳን አይታወቅም።

ሌሊት_ሽፍት

እኔ ሆስፒታል ነው የምሰራው፣ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ቤርሼባዊት ስለ አየር ያነሳችው ጥሩ ነው። እኔ ከዚያ የባሰውን ልናገር። እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አትለፉ።

መኪና ውስጥ ከሰል አይገባም። ቡና ለማፍላትም፣ ዕጣን ለማጨስም፣ ለመሞቅም። ጀበና ይዛችሁ እንደምትሄዱ አውቃለሁ፤ እኔም እይዛለሁ። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ውጭ ይለቅ። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው የቀረው» ብሎ ምድጃውን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው ገዳዩ። ፍም ሲሆን ጭስ የለውም፣ ሽታም የለውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን አለ። አገር ቤት በብርድ ጊዜ ቤት ዘግተው ከሰል አጠገብ ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎች ወሬ ስንሰማ ነው ያደግነው። መኪና ደግሞ ከየትኛውም ክፍል ይጠብባል።

የቡቴን ምድጃም ያው ነው። በሩን ከፍቼ ነው አይባልም።

ሞተር አስነስቶ ማሞቂያ ለቆ መተኛትም ይቅር። ሚሚ፣ አንቺ ሃይብሪድ ስላለሽ ይህ አንቺን ይመለከታል። ሃይብሪድ ዝም ስትል ሞተሩ የጠፋ ይመስልሻል። ባትሪው ሲያንስ ራሷ ትነሳለች። ጋራዥ ውስጥ ወይም በረዶ የጭስ ማውጫውን ደፍኖት ከሆነ አደጋ ነው።

በባትሪ የሚሰራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ግዙ። ራስጌያችሁ አጠገብ ይቀመጥ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሁለታችሁንም አንድ ላይ ከያዛችሁ «ደክሞን ነው» አትበሉ። ወዲያው ውጡ።

ፔዳል_ሲልቨር

እህቴ፣ ባለቤቴ አጠገቤ ሆና ነው ያነበበችው። ማስጠንቀቂያውን አሁኑኑ አዘዝን። እውነቱን ልናገር፣ ትንሿን የከሰል ምድጃ የእቃ ዝርዝር ውስጥ ጽፈናት ነበር።

ካርቶኑን ሞክረናል። እኔ 178 ነኝ። የፊት ወንበሮቹን ወደፊት ስገፋ እግሬን ዘርግቼ ተኛሁ፣ አሥር ሴንቲም ተረፈኝ። ቁጭም ብያለሁ።

ገርጂ_ፔዳል

ከአዲስ አበባ ነኝ። ጽሑፋችሁን እየተከታተልኩ ነው። እኛ አራት ጓደኛሞች በአንድ ዶልፊን እንወጣለን፤ የአንዱ ጓደኛችን አባት መኪና ነው። ወንበሮቹን አናወጣም፣ መኪናዋ በሳምንቱ ቀናት ስራ አላት። የኋላውን ሁለት ረድፍ ብቻ አንስተን ብስክሌት እንጭናለን። ወደ ደብረ ብርሃን ስንወጣ ሁለታችን መኪና ውስጥ፣ ሁለታችን ድንኳን ውስጥ እናድራለን።

ልጨምር የምፈልገው ስለ ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ሌሊቱ ከላይ ሳይሆን ከስር ነው የሚበርደው። ብርድ ልብስ ስንደራርብ ነበር፣ አልረዳንም። በኋላ ከፍራሹ ስር የጂም ስፖንጅ ስናነጥፍ ነው የተኛነው።

እኛ መንገድ ዳር አናድርም። ግቢ ያለው ማረፊያ ፈልገን፣ ባለቤቱን አነጋግረን፣ ለዘበኛው ደግሞ የሚገባውን ሰጥተን ነው። ዘበኛው ብስክሌቶቹንም ያይልናል።

አናጺው_አሌክሳንድሪያ

የገርጂው ልጅ ያለው ልክ ነው። ከስር የሚመጣ ብርድ ነው አጥንት የሚገባው።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ከመስኮቶቹ በላይ፣ በጣሪያው ጠርዝ በኩል ምንም እንጨት እንዳትገጥም። መደርደሪያ ላድርግ ትል ይሆናል፤ አታድርግ። የጎን ኤርባጉ ከዚያ ነው የሚወርደው።

ናርዶስ_ቢ

እሺ፣ ውስጥ ማስገባቱን ተቀብያለሁ። ግን ማታ ብስክሌቶቹ ይወጣሉ ካላችሁ ሌባው ማታስ የለም እንዴ?

ካቴና_ሰው

ናርዶስ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ማታ ሲወጡ ያለ ፊት ጎማ ናቸው። የፊት ጎማዎቹ ውስጥ ይቀራሉ፣ ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ይቆማሉ። ነድቶ የሚሄድ የለም። ሁለቱ አካላት በወፍራም ሰንሰለት ከመኪናው መጎተቻ ብረት ጋር ይታሰራሉ። በላያቸው ጥቁር ሸራ። ለመስረቅ መኪናዋን መነቅነቅ አለበት፣ እናንተ ደግሞ ውስጥ ናችሁ። ከተማ ውስጥ ግን እኔም አላደርገውም። ይህ ለካምፕ ነው።

የመንገድ_ዳር

የት እንደምታድሩ አስባችኋል? ሬስት ኤሪያ፣ የአውራ ጎዳናው ማረፊያ ላይ የሰዓት ገደብ አለ፣ ሰሌዳውን አንብቡ። ሼናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው መንገድ ላይ ደግሞ 105 ማይሉን ሙሉ የሚያምር ማቆሚያ አለ፤ መኪና ውስጥ ማደር ግን የሚቻለው በካምፖቹ ብቻ ነው። ጠባቂው መጥቶ መስታወት ያንኳኳል።

ለካናሉ ከሆነ ፊፍቲንማይል ክሪክ ሂዱ። ሊትል ኦርሊንስ ላይ ነው፣ መኪና ያስገባል። ካናሉ ዳር ወደ 141ኛው ማይል ላይ ትሆናላችሁ። ከዚያ ወደ ላይ 15 ማይል ገደማ ስትሄዱ ፓው ፓው ዋሻን ታገኛላችሁ። 3,118 ጫማ ርዝመት አለው። ስራው በ1836 ተጀምሮ በ1850 ነው ያለቀው፤ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሸክላ ገብቶበታል። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። መብራት ያዙ፣ ብስክሌቱን ግፉት እንጂ አትንዱት። መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ወለሉም ወጣ ገባ ነው።

ባለቤትህ ጠጠር ከሰለቻት ከሊትል ኦርሊንስ ወደ ታች የዌስተርን ሜሪላንድ ሬይል ትሬይል አለ። 28 ማይል ገደማ አስፋልት ነው፣ ሃንኮክን አልፎ ቢግ ፑል ድረስ። የመጠጥ ውሃ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።

ፔዳል_ሲልቨር

ተመለስን! ሶስት ሳምንት ዝም ያልኩት ስራ ላይ ስለነበርኩ ነው።

ጋሽ አናጺው ቤት ድረስ መጥተው ወንበሮቹን አብረን አወጣን። እንጨቱን እሳቸው ናቸው የቆረጡት፤ እኔ ያዝኩ። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ቆሙልኝ። ባለቤቴ ምሳ አቀረበች፣ ክፍያ አልቀበልም አሉ። እዚህ በሰው ሁሉ ፊት አመሰግናለሁ።

ዓርብ ከስራ ወጥተን ማታ ፊፍቲንማይል ክሪክ ደረስን። በጨለማ አልጋውን መዘርጋት አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀብን፤ በሁለተኛው ሌሊት አራት ደቂቃ። የራስ ላይ መብራት ሁለት መያዝ ያስፈልጋል፣ አንዱ ሲያስር ሌላው ያብራ።

ያልሆነልን ነገር ማጠፊያው ነው። ሁለቱ ሰሌዳዎች የሚገናኙበት መስመር ከባለቤቴ ወገብ ስር ወደቀ። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ቅዳሜ ቦታ ተቀያየርን፣ እኔንም ቆረቆረኝ። አሁን ባለ 8 ሴንቲውን ፍራሽ አንድ ወጥ አድርጌ ላሰፋው ነው። ለሁለት የተቆረጠ ፍራሽ አትግዙ።

አየሩ ልክ ቤርሼባዊት እንዳለችው ነው። ዓርብ ሌሊት ብርድ ፈርተን ሁሉንም ዘጋን፣ ጠዋት መስታወቱ ይንጠባጠብ ነበር። ቅዳሜ ሁለት መስኮት ሁለት ጣት ያህል ከፍተን አደርን። ደረቅ ሆኖ ነጋ። ቡናው ውጭ ጠረጴዛው ላይ ተፈላ። ጎረቤት ካምፕ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ሽታው ጠራቸውና መጥተው እስከ ሶስተኛው ጠጡ።

ዋሻው! ባለቤቴ መሃሉ ላይ ቆማ መብራቱን አጥፋ አለችኝ። አጠፋሁት። የውሃ ጠብታ ብቻ ነው የሚሰማው። እጄን ያዘችኝ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ማናችንም አልተናገርንም። ከሰባት ዓመት ታክሲ በኋላ እንዲህ ያለ ጸጥታ የት ይገኛል።

ወደ ግማሽ ሉህ የሚጠጋ 12 ሚሊ ፕላይውድ ተርፎኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ መጥቶ የሚወስድ ካለ በነጻ ነው።

ሚሚ_ከፎልስ_ቸርች

እኔ እወስደዋለሁ! ለአንድ ሰው አልጋ ይበቃኛል። ቅዳሜ ጠዋት ብመጣ ይመቻችኋል?